ኩላሊት ውስጥ የተቀመመ መርዝ፦ የብራስልሱ የማቅጠኛ ዕፅ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1992 ብራስልስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ኩላሊታቸው በወራት ውስጥ እየደከመ ሐኪም ቤት ገቡ። ሁለቱም ከ50 ዓመት በታች ናቸው፤ ከዚያ በፊት የኩላሊት ሕመም አልነበረባቸውም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነበር፦ ሁለቱም እዚያው ከተማ ባለ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ ሲመላለሱ ቆይተዋል። የኩላሊት ሐኪሙ ፕሮፌሰር ዣን ሉዊ ቫንኸርወገም እና ባልደረቦቻቸው ነገሩን እንደ አጋጣሚ አላለፉትም። በከተማዋ ያሉትን የኩላሊት ሕክምና ክፍሎች ሲያጠያይቁ ከዚያው ክሊኒክ ተመሳሳይ ሕክምና የወሰዱ ሌሎች ሰባት ሴቶች ተገኙ። የዘጠኙ ታሪክ በ1993 መጀመሪያ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ቁጥሩ ከ100 አለፈ፤ አብዛኞቹም የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው።

ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «የተሳሳተ ዕፅ ተሸጠ» በሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው ዕፁ ከተዋጠ በኋላ አንጀት፣ ጉበትና ኩላሊት በየተራ ባደረጉት ሥራ ላይ ነው። ሴቶቹ የዋጡት ነገር ገና የተሟላ መርዝ አልነበረም። መርዙን የጨረሰው ሰውነታቸው ነው፤ ያውም ለመከላከያ ተብለው በተፈጠሩ መሣሪያዎች።

መጀመሪያ ኩላሊቱ ምን ይመስል እንደነበር እንይ፤ ምክንያቱም የጉዳቱ ቦታ ራሱ ፍንጭ ነበር። በብዙ የኩላሊት በሽታዎች ቀድመው የሚጎዱት ደም የሚያጣሩት ግሎሜሩለስ የሚባሉት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ናቸው። ከእነዚህ ሴቶች ኩላሊት በተወሰደው ናሙና ግን ማጣሪያዎቹ ይህ ነው የሚባል ቁስል አልነበረባቸውም። የጠፉት ከማጣሪያው ቀጥሎ ያሉት ቱቦዎች ናቸው። በቱቦዎቹ መካከል ያለው ቦታ በጠባሳ ተሞልቷል፤ ጠባሳው የበረታው ደግሞ በኩላሊቱ የውጭኛው ንብርብር ነው። የላቦራቶሪው ውጤትም ያንኑ ይናገራል። በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም ጤነኛ ቱቦ መልሶ ሊወስደው ይገባ የነበረ ጥቃቅን ፕሮቲን ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ትክክል ሆኖ ሳለ ሽንት ውስጥ ስኳር ይገኛል። የደም ማነሱ ከኩላሊቱ ድካም ልክ አልፎ የከፋ ነበር። የደም ግፊቱ ግን ያን ያህል አይደለም። እንዲህ ያለ ስዕል ያየ ሐኪም ስለ ስኳር በሽታ ወይም ስለ ግፊት አያስብም። ቱቦዎቹን ለይቶ የመታ አንድ ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል።

ክሊኒኩ ሰው ማቅጠን ከጀመረ 15 ዓመት ያህል ሆኖታል፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። የተለወጠው በ1990 አጋማሽ ላይ ቅመማው ነው። የምግብ ፍላጎት የሚዘጉት ፌንፍሉራሚን እና ዳይኤቲልፕሮፒዮን፣ የሚያሸናው አሴታዞላማይድ፣ የቤላዶና ጭማቂ፣ እነዚህ የሚታወቁ ነበሩ። አዲስ የገቡት ሁለት የቻይና ዕፆች ናቸው፤ በመለያቸው ላይ ስቴፋኒያ ቴትራንድራ እና ማግኖሊያ ኦፊሲናሊስ ተብለው የተጻፉ፣ በዱቄት መልክ የታሸጉ። የክሊኒኩ ደንበኞች ይህን በአማካይ ከአንድ ዓመት በላይ ወስደዋል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ መታዘብ ያስፈልጋል፦ በቻይና ሕክምና የስቴፋኒያ ሥር ሥራ እብጠትንና የመገጣጠሚያ ሕመምን ማከም ነው፤ የሚሰጠውም ከሌሎች ዕፆች ጋር ተቀቅሎ፣ ታካሚው እየታየ ነው። ሰው ለማቅጠን፣ ከሦስት አራት ፋብሪካ ሠራሽ መድኃኒት ጋር ደባልቆ፣ ዓመት ሙሉ መስጠት የአውሮፓ ክሊኒክ ፈጠራ ነው።

ስቴፋኒያ ቴትራንድራ በራሱ ለኩላሊት እንዲህ ያለ ጠንቅ መሆኑ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ዱቄቱ ተመረመረ። ስቴፋኒያ ከሆነ ቴትራንድሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሊገኝበት ይገባል። በ1990 እና በ1992 መካከል ቤልጂየም ከገቡት ጥቅሎች በአብዛኞቹ ቴትራንድሪን አልተገኘም። የተገኘው አሪስቶሎኪክ አሲድ ነው፤ አሪስቶሎኪያ የሚባሉ ዕፅዋትና የቅርብ ዘመዶቻቸው የሚሠሩት ዓይነተኛ ንጥረ ነገር። መጠኑም ከጥቅል ጥቅል እጅግ ይለያያል።

መለዋወጡ እንዴት ሊደርስ ቻለ? በቻይና የዕፅ ገበያ ፋንግጂ የሚባል ሥር አለ። ኻን ፋንግጂ ስቴፋኒያ ነው፤ ጉዋንግ ፋንግጂ ደግሞ አሪስቶሎኪያ ፋንግቺ ነው። ሁለቱ ሥሮች በዝምድና አይገናኙም፤ በመደብር ግን በአንድ ስም ይጠራሉ፣ አንዱም በሌላው ቦታ ይሰጣል። ሙቶንግ በሚባለው ዕፅም እንዲሁ ሆኗል፤ አኬቢያ የተባለው ቀርቶ ጉዋን ሙቶንግ የሚሉት አሪስቶሎኪያ ቦታውን ያዘ። ቻይና ጉዋን ሙቶንግን በ2003፣ ጉዋንግ ፋንግጂን በ2004 ከልክላለች።

በጣም የሚያስቆጨው ግን መረጃው ቀድሞ መኖሩ ነው። በ1964 አንድ የቻይና ሕክምና መጽሔት ሙቶንግ ከወሰዱ በኋላ ኩላሊታቸው በድንገት ስለደከመ ሁለት ሰዎች ዘግቦ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አሪስቶሎኪክ አሲድን በካንሰር ሕመምተኞች ላይ የሞከሩ ሐኪሞች ኩላሊት እንደሚጎዳ ጽፈዋል። ከቤልጂየም ድንበር ማዶ ያለችው ጀርመንም ይህን አሲድ የያዙ መድኃኒቶችን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከገበያ አውጥታለች፤ አይጦች ላይ ካንሰር ማምጣቱ ስለታየ። የቻይናውን መጽሔት የሚያነበው፣ የጀርመኑን ውሳኔ የሚያውቀው እና ብራስልስ ላይ ዱቄቱን የሚያሽገው ሰው አንድ ቦታ አልተገናኙም።

አሁን ሞለኪውሉን ተከትለን ወደ ውስጥ እንግባ።

ከዕፅ የሚገኝ አብዛኛው ንጥረ ነገር አንጀትን አልፎ ወደ ደም መግባት ይቸግረዋል። ኹዋንግሊያን ከሚባለው መራራ የቻይና ሥር የሚገኘው ቤርቤሪን በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚደርሰው ከ1 በመቶ በታች ነው። ከፊሉን አንጀት ራሱ መልሶ ይተፋዋል፣ ከፊሉን ጉበት ገና በመጀመሪያው ዙር ይይዘዋል። የጂንሰንግ ጂንሰኖሳይዶች ደግሞ ስኳር የተሸከሙ ግዙፍ ሞለኪውሎች ናቸው። እንዳሉ አይገቡም፤ የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ስኳሩን አንድ በአንድ ከቆረጡላቸው በኋላ ኮምፓውንድ ኬ የሚባለው ትንሹ ቅሪት ነው ወደ ደም የሚያልፈው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ከአንድ ማሰሮ ጂንሰንግ ቢጠጡ፣ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ስለሚለያይ ደማቸው ውስጥ የሚገኘው አንድ አይሆንም። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚገድል ፀረ ተሕዋስያን እየወሰደ ያለ ሰው ደግሞ ጨርሶ ላያገኘው ይችላል። ብዙ ዕፆች ያን ያህል የማይጎዱትም፣ አንዳንዴም ያን ያህል የማይጠቅሙትም፣ እዚህ በር ላይ ስለሚቀሩ ነው።

አሪስቶሎኪክ አሲድ እዚህ በር ላይ አይቀርም። ትንሽ ነው፤ የሞለኪውል ክብደቱ 341 ነው። የተሸከመው ስኳር የለም፣ ስብ ውስጥም ይሟሟል። የባክቴሪያ እርዳታ ሳያሻው ከአንጀት ወደ ደም ያልፋል። ከከፊሉ ላይ የአንጀት ባክቴሪያዎች ናይትሮ የሚባለውን የሞለኪውሉን ክፍል ለውጠው አሪስቶላክታም ወደሚባል፣ ጉዳቱ ወዳነሰ ነገር ያዞሩታል። ሌላው ግን ወደ ጉበት ይጓዛል።

ጉበት በዚህ ታሪክ በአብዛኛው የሚሠራው በጎ ሥራ ነው። ሲ.ዋይ.ፒ. 1ኤ2 የሚባል ኢንዛይም አለው፤ የቡናችንን ካፌይን የሚሰባብረውም እሱ ነው። ይህ ኢንዛይም ከአሲዱ ላይ ሜቲል የሚባለውን ቁራጭ ይነቅላል። ከዚያ በኋላ ያለው ቅርጽ ከሌላ ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ በሽንትና በሰገራ ይወጣል። የአይጥ ሙከራዎች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። የጉበታቸው የሲ.ዋይ.ፒ. ሥርዓት እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦች ኩላሊት ውስጥ ብዙ አሲድ ተጠራቀመ፤ ጉዳታቸውም ከሌሎቹ የባሰ ሆነ። በተቃራኒው ኢንዛይሙ በኬሚካል እንዲበረታ የተደረገላቸው አይጦች ተረፉ። በሰው ላይ የዚህ ኢንዛይም ብርታት ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙ እጥፍ ይለያያል፤ የሲጋራ ጭስ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። (ይህን አንብቦ ለኩላሊቱ ሲል ሲጋራ የሚለኩስ እንዳይኖር አደራ።)

ከጉበት ያመለጠው አሲድ ደም ውስጥ አልቡሚን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው። አልቡሚን ትልቅ ስለሆነ በኩላሊቱ ማጣሪያ አያልፍም። ማጣሪያዎቹ ደህና የሆኑት ለምን እንደሆነ አንዱ መልስ ይህ ሊሆን ይችላል። ቱቦዎቹ ግን ከጀርባቸው፣ ማለትም በደም ሥሩ በኩል፣ ሌላ በር አላቸው። በዚያ በር ላይ ኦ.ኤ.ቲ. 1 እና ኦ.ኤ.ቲ. 3 የሚባሉ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ተቀምጠዋል። ሥራቸው አሲድ ነክ ቆሻሻዎችንና መድኃኒቶችን ከደም እየሳቡ ወደ ሽንት መሸኘት ነው። ፔኒሲሊን ከሰውነት ቶሎ የሚወጣው በእነሱ ነው። ፔኒሲሊን ብርቅ በነበረበት ዘመን ሐኪሞች ፕሮቤኔሲድ የሚባል መድኃኒት አብረው ይሰጡ ነበር፤ አጓጓዦቹን ዘግቶ ፔኒሲሊኑ ደም ውስጥ እንዲቆይ። በአይጦች ላይ ያው ፕሮቤኔሲድ ከአሪስቶሎኪክ አሲድ ጋር ሲሰጥ ኩላሊቱ በእጅጉ ተረፈ። በሩ ሲዘጋ ጉዳቱ ከቀነሰ መርዙ የገባው በዚያ በር ነው ማለት ነው።

አጓጓዦቹ አሲዱን ወደ ቱቦው ሴል ያስገባሉ፤ ወደ ሽንት በኩል የሚወጣው ግን እንደገባው አይደለም፤ ሴሉ ውስጥ ይከማቻል። እዚያ ኤን.ኪው.ኦ. 1 የሚባል ኢንዛይም ይጠብቀዋል። ይህ ኢንዛይም መጥፎ ስም የለውም፤ ክዊኖን የሚባሉ ጎጂ ነገሮችን የሚያበርድ፣ የሴል ዘብ የሚባል ነው። የአሲዱን ናይትሮ ክፍል ሲያገኝ ግን የለመደውን ሥራ ይሠራል፤ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል። በዚህ ለውጥ መካከል ናይትሬኒየም የሚባል፣ ለቅጽበት የሚኖርና ያገኘው ላይ የሚጣበቅ ቅርጽ ይፈጠራል። ያገኘው ደግሞ ዲኤንኤ ነው፤ በተለይም አዴኒን የሚባለው ፊደል። የሴሉ ዋና የጥገና ሥርዓት ብዙ ዓይነት የዲኤንኤ ቁስል ለይቶ ያነሳል፤ ይህን ዲኤንኤው ላይ የተጣበቀ ቅሪት፣ ጥባቂ እንበለው፣ ግን በደንብ አይለየውም። ስለዚህ አይነሳም። ሴሉ ሲባዛ አዴኒን በነበረበት ቦታ ቲሚን የሚባለው ሌላ ፊደል ይገባል።

ከብራስልስ ሴቶች ኩላሊት ላይ ይህ የዲኤንኤ ጥባቂ በ1996 ተለይቶ ታይቷል። ማስረጃውን የማያከራክር ያደረገውም እሱ ነው፤ የክሊኒኩ መዝገብ ቢጠፋ፣ የመለያው ጽሑፍ ቢሳሳት፣ ሴቷ ምን እንደዋጠች ኩላሊቷ ጽፎ ይዞታል። ዕፁ ከቆመ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ በተወሰደ የኩላሊት ናሙና ላይ እንኳ ጥባቂው ተገኝቷል።

ከዚህ ወዲያ ሁለት መንገድ አለ። የተመቱት የቱቦ ሴሎች ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የተረፉት ዲኤንኤያቸው ስለቆሰለ በትክክል መባዛትና የሞቱትን መተካት ያቅታቸዋል፤ ባዶውን ቦታ ጠባሳ ይሞላዋል። ይህ ወራት የሚፈጅ መንገድ ነው። ሌላው ዓመታት ይፈጃል፤ እሱም ካንሰር ነው። በብራስልስ ኩላሊታቸው ፈጽሞ ሥራ ያቆመ 39 ታካሚዎች፣ ካንሰር ሳይቀድማቸው የማይሠራው ኩላሊትና የሽንት ቱቦው እንዲወጣላቸው ተስማሙ። የወጣው ሲመረመር በ18ቱ ላይ የሽንት መተላለፊያ ካንሰር ተገኘ። ከቀሪዎቹ 21 ውስጥ በ19ኙ ላይ የሴል ቅርጽ መዛባት ጀምሯል። መጠኑም ድርሻ ነበረው፦ በጠቅላላ ከ200 ግራም በላይ ዕፅ ከወሰዱት 15 ሰዎች 10ሩ፣ ከዚያ በታች ከወሰዱት 24 ሰዎች 8ቱ ካንሰር ነበረባቸው። ጥናቱ የወጣው በ2000 ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በክሊኒኩ ያንን ቅመም ከ1,500 የማያንሱ ሰዎች እንደወሰዱት ሲገመት ለምን ጥቂቶቹ ብቻ ታመሙ? የመጀመሪያው መልስ የሚያሰለች ግን ትክክለኛ ነው፤ ጥቅሎቹ አንድ አልነበሩም፣ አንዷ ደንበኛ ከሌላዋ ብዙ እጥፍ አሲድ ልትውጥ ትችላለች። ሁለተኛው ከላይ ያየነው ጉዞ ነው። የሚበረታ ሲ.ዋይ.ፒ. 1ኤ2 ያላት ሴት አብዛኛውን ጉበቷ ላይ ታስቀራለች፤ የእሷ ጓደኛ፣ ያንኑ ዱቄት በዚያው መጠን የወሰደችው፣ ለኩላሊቷ ታተርፈዋለች። ሌሎቹን መድኃኒቶች ተጠያቂ ለማድረግም ተሞክሮ ነበር፤ ፌንፍሉራሚን የደም ሥር ያጠብባል፣ ስለዚህ አባብሶታል የሚል። ጥንቸሎችና አይጦች ላይ ግን አሪስቶሎኪክ አሲድ ብቻውን ጠባሳውንም ካንሰሩንም አመጣ።

የብራስልሱ ጉዳይ አንድ የቆየ እንቆቅልሽም ፈትቷል። በዳኑብ ገባር ወንዞች ዳር ባሉ የቡልጋሪያ፣ የሮማኒያ፣ የሰርቢያ፣ የቦስኒያና የክሮኤሺያ መንደሮች ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ የኩላሊት በሽታ አለ፤ ገበሬዎችን በቤተሰብ በቤተሰብ የሚያጠቃ፣ የሽንት ቱቦ ካንሰርም የሚከተለው። የብራስልስን ናሙና ያዩ ፓቶሎጂስቶች (የአካል ናሙና የሚመረምሩ ሐኪሞች) ከዚያኛው ጋር መመሳሰሉን አስተዋሉ። በ2007 ከመንደሮቹ ታካሚዎች ኩላሊት ላይ ያው የዲኤንኤ ጥባቂ መገኘቱ ታተመ። በስንዴው ማሳ መካከል አሪስቶሎኪያ ክሌማቲቲስ የሚባል አረም ይበቅላል፤ ፍሬው ከስንዴው ጋር ታጭዶ፣ ተፈጭቶ፣ ዳቦ ሆኖ ይበላ ነበር። ማንም መድኃኒት አልወሰደም። ታይዋን ውስጥ ደግሞ አሪስቶሎኪያ ያለባቸውን ዕፆች በሕጋዊ ማዘዣ የወሰደው ብዙ ሕዝብ ነበር፤ ዕፆቹ የታገዱት በ2003 ነው። በ2017 የታተመ ጥናት ከታይዋን 98 የጉበት ካንሰሮችን መርምሮ በ78 በመቶዎቹ ላይ አሪስቶሎኪክ አሲድ ዲኤንኤ ላይ የሚተወውን የለውጥ አሻራ አግኝቷል። ጉበት አሲዱን ሲያረክስ በነፃ እንደማያመልጥ ከዚህ ይታያል፤ የእሱም ሴሎች ናይትሮውን የሚለውጡ ኢንዛይሞች አሏቸው።

«ለሺህ ዓመት ሲወሰድ ኖሮ እንዴት አልታወቀም?» የሚለው መከራከሪያ በቻይናም በሌላም ቦታ ይሰማል። እኔ የማየው እንዲህ ነው። የባህል ሐኪም ዕውቀት ከልምድ የሚመጣ ነው፤ ልምድ ደግሞ ቶሎ የሚታየውን ጉዳት በደንብ ይይዛል። በአገራችን የኮሶ መጠን በጥንቃቄ የሚለካው ሲበዛ የዚያኑ ዕለት ሰውን ስለሚጎዳ ነው። ዛሬ ተወስዶ ከዓመት በኋላ ኩላሊት የሚያደክም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ግን የትኛውም አዋቂ፣ ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ ከዕፁ ጋር ሊያገናኘው አይችልም። ይህ የቻይና ሕክምና ነውር አይደለም፤ የልምድ ወሰን ነው። ጥፋቱን ሁሉ በስም መለዋወጥ ላይ ማሳበብም አይበቃም፤ በቻይናም በታይዋንም ትክክለኛው አሪስቶሎኪያ በትክክለኛ ስሙ ታዝዞ ሰው ተጎድቷል።

ቤልጂየም ዕፆቹን በ1992 መጨረሻ ከገበያ አነሳች፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም አሪስቶሎኪያ ያለባቸውን የዕፅ መድኃኒቶች በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ በ2002 አስቀመጠ። ለታመሙት ግን ጥባቂውን ከዲኤንኤ ላይ የሚያነሳ መድኃኒት የለም። ብራስልስ ውስጥ በጥቂት ታካሚዎች ላይ ስቴሮይድ ተሞክሮ የኩላሊቱን መድከም አዘግይቷል። ንቅለ ተከላ ያገኙት ሌላ ስጋት አለባቸው፦ አዲሱ ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወስዱት መድኃኒት የሰውነትን ካንሰር የመከላከል አቅም ያዳክማል፣ የሽንት ፊኛቸው ደግሞ ያው አሲድ ያለፈበት ነው። ኩላሊታቸውና የሽንት ቱቦዎቻቸው ከወጡላቸው ሰዎች መካከል በኋላ የፊኛ ካንሰር ያገኛቸው አሉ፤ ለዚህ ነው ፊኛቸው ውስጡ በመሣሪያ በየጊዜው፣ ዕድሜ ልካቸውን፣ የሚታየው።